ሽንት ከመዘጋቱ በፊት፦ የፕሮስቴት ዕጢ ያደገባቸው አረጋውያን ወንዶች የጤና አገልግሎት ፍላጎት በኢትዮጵያ

አኅጽሮተ ጥናት

ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ በዕድሜ የገፉ ወንዶችን በስፋት የሚያጋጥም፣ በዝግታ የሚጓዝና በብዙ ሁኔታ አስቀድሞ ሊደረስበት የሚችል ሕመም ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ ብዙ አረጋውያን ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ሽንታቸው ጨርሶ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ አዲስ የመስክ መረጃ አይዘግብም፤ የታተሙ የሕክምና ጥናቶችን ከአገሪቱ የጤና ሥርዓት አወቃቀርና ከአረጋውያኑ የዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር በማገናዘብ የእነዚህ ታካሚዎች ፍላጎት ከቀዶ ሕክምና ዓመታት ቀድሞ እንደሚጀምር ያስረዳል። በጽሑፉ ድምዳሜ መሠረት የመጀመሪያው ክፍተት የሚገኘው በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ ለአረጋውያን ወንዶች ባልቀረበ ቀላል ጥያቄ ውስጥ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የፕሮስቴት ዕጢ፣ አረጋውያን፣ የሽንት መዘጋት፣ ካቴተር፣ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ክብካቤ

1. መግቢያ

የሽንት ድንገተኛ መዘጋት አጣዳፊ ሕመም ነው። ፊኛው ሞልቶ ይወጠራል፤ ታካሚው መቀመጥም መተኛትም ይሳነዋል፤ ካቴተር ገብቶ ሽንቱ ሲወርድለት ደግሞ ስቃዩ ወዲያው ይቀልላል። በዚህም ምክንያት ለታካሚውና ለቤተሰቡ፣ አንዳንድ ጊዜም ለጤና ባለሙያው፣ ሕመሙ በዚያች ቀን ጀምሮ በዚያች ቀን የተፈታ መስሎ ይታያል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ከዚያች ቀን በፊት ሽንት እየቀጠነ፣ ሌሊት እንቅልፍ እየተቆራረጠ፣ ፊኛው ከመደበኛው በላይ እየገፋ ያለፈባቸው ዓመታት አሉ። ከዚያች ቀን በኋላም ካቴተርን ይዞ የሚጠበቅ ጊዜ ይመጣል።

ስለዚህ የጤና አገልግሎት ፍላጎት ሲለካ ሆስፒታል የደረሱትን ብቻ መቁጠር ምስሉን ያጎድለዋል። ይህ ጽሑፍ የበሽታውን ጉዞ ከመነሻው እስከ ቀዶ ሕክምና ማግሥት በመከተል በየምዕራፉ አረጋዊው ምን እንደሚያስፈልጋቸው፣ ያንንም በየትኛው የጤና ተቋም ሊያገኙት እንደሚገባ ይመረምራል።

2. የበሽታው ምንነትና አካሄድ

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ፣ የሽንት መውጫ ቱቦን እንደ ቀለበት የሚከብ ዕጢ ነው። በወጣት ጎልማሳ ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከመካከለኛ ዕድሜ በኋላ ቱቦውን የሚከበው ውስጠኛው ክፍል ቀስ በቀስ ያድጋል። ለዕድገቱ ዋና ገፊ ኃይል ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በዕጢው ውስጥ ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን መለወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመና የአስከሬን ምርመራ ውጤቶችን ያሰባሰበ ጥናት፣ ከ51 እስከ 60 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት በላይ ከሆናቸው ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ላይ ይህ የሕዋሳት ለውጥ እንደሚታይ አመልክቷል።

የሕዋሳት ለውጥ ሁሉ ሕመም አይሆንም። ትልቅ ዕጢ ኖሮት የማይቸገር አለ፤ መጠነኛ ዕድገት ኖሮት ሌሊቱን ሙሉ የሚመላለስ አለ። የሕመሙን ክብደት የሚወስነው ከዕጢው መጠን ባሻገር የቱቦው መጥበብና የፊኛው ምላሽ ነው። ፊኛው የጠበበውን መውጫ ለማሸነፍ ሲገፋ ግድግዳው ይወፍራል፤ ጥቂት ሽንት ሲጠራቀም እንኳ ስለሚኮማተር ታካሚው ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ይጣደፋል። ሸክሙ ሲረዝም ደግሞ ፊኛው ይደክማል፤ ሽንት ከሸኑ በኋላም በውስጡ ይቀራል። የቀረው ሽንት ለኢንፌክሽንና ለፊኛ ጠጠር ያጋልጣል፤ ግፊቱ ወደ ላይ ከተመለሰም ኩላሊትን ይጎዳል።

ከሁሉም የሚያታልለው ያለ ሕመም የሚሞላው ፊኛ ነው። ፊኛቸው ለረጅም ጊዜ ተለጥጦ ስሜቱን ያጣ አረጋዊ ስለ መዘጋት አያማርሩም፤ ይልቁንም ሽንት ያመልጠኛል፣ ልብሴን ያበላሽብኛል ይላሉ። የሚያመልጠው ግን ከሞላው ዕቃ የሚተርፈው ነው። ይህን ያልለየ ባለሙያ ሽንትን የሚይዝ መድኃኒት ቢያዝ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ሆድን ከእምብርት በታች መዳሰስና በጣት መትቶ ማዳመጥ ብቻ ብዙ ጊዜ እውነቱን ይገልጠዋል።

የሽንት መዘጋት ደግሞ ከሰማይ እንደሚወርድ አደጋ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኦልምስቴድ አውራጃ ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን 2,115 ወንዶች የተከታተለው ጥናት፣ የመዘጋት አደጋ ከዕድሜ፣ ከምልክቶች ክብደት፣ ከሽንት ፍሰት መዳከምና ከዕጢው መጠን ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህም ማለት አደጋ ያንዣበበባቸውን ሰዎች አስቀድሞ መለየት ይቻላል።

3. ስለ ሽንት ያለው ዝምታ

አስቀድሞ መለየት ከተቻለ፣ አረጋውያኑ ለምን ዘግይተው ይመጣሉ? አንዱ ምክንያት የምልክቶቹ አተረጓጎም ነው። የሽንት መቅጠንና የሌሊት መመላለስ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አለዚያም «ብርድ መታኝ» ወይም «ኩላሊቴን ነው» ይባላል። የመጀመሪያው ትርጓሜ ሕክምና አያስፈልግም ያሰኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ተሳሳተ መፍትሔ ይመራሉ። ሁለተኛው ምክንያት ሐፍረት ነው። የሽንት ችግር በብዙዎች አእምሮ ከጨብጥና ከመሰል የአባለዘር በሽታዎች ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የልጅ ልጅ ያዩ አረጋዊ ስለ ሽንታቸው ማንሣት ስማቸውን የሚያጎድፍ ሊመስላቸው ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ከጤና ሥርዓቱ አወቃቀር ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር አገልግሎትን እስከ ቀበሌ ያደረሰ ትልቅ እርምጃ ነው። የመርሐ ግብሩ ክብደት ግን በእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ በተላላፊ በሽታዎችና በአካባቢ ንጽሕና ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። አረጋዊው ለልጃቸው እኩያ ስለ ሽንታቸው እንዲያወሩ መጠበቅ ባህሉን አለማወቅ ይሆናል። ይህ የሠራተኞቹ ጉድለት አይደለም፤ ጥያቄውን ማን፣ የት፣ በምን መንገድ ያንሣው የሚለው አስቀድሞ አለመታሰቡ እንጂ።

ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ በሐኪም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በሽምግልና የተቀመጡ አባት ነገሩ ሳይቋጭ ደጋግመው ለመነሣት ይገደዳሉ፤ ውሎ አድሮም ሲጠሩ መቅረት ይጀምራሉ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ስለሚያስጨንቃቸው ከለቅሶና ከሠርግ ይቀራሉ። ቅዳሴን ቆመው ማስፈጸም ይከብዳቸዋል። በእስልምና ሥርዓት ሽንት ለሚያመልጠው ሰው ለእያንዳንዱ ሶላት ዉዱእ እያደረገ እንዲሰግድ የሚፈቅድ ድንጋጌ ቢኖርም፣ ይህን ባለማወቅ ልብሴ ነጽቶ አይቆይልኝም ብሎ ከጀማዓው የሚርቅ ሊኖር ይችላል። ብዙዎች ደግሞ ውኃ መጠጣትን በመቀነስ ችግሩን ለማምለጥ ይሞክራሉ፤ ሽንቱ ሲወፍር ግን ማቃጠሉና የጠጠር አደጋው ይብሳል። መጸዳጃው ከቤት ውጭ በሆነበት ገጠር አራትና አምስት ጊዜ በጨለማ መውጣት ለመውደቅና ለአጥንት ስብራት ያጋልጣል።

4. የመጀመሪያው ፍላጎት፦ መጠየቅና መለየት

ከላይ የተዘረዘረው ዝምታ በታካሚው ድፍረት ብቻ አይሰበርም፤ ባለሙያው ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ለደም ግፊት፣ ለስኳር ወይም ለዓይን ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ ለመጡ ከ50 ዓመት በላይ ለሆናቸው ወንዶች «ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ? ሽንትዎ ለመውጣት ያስቸግርዎታል?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

መልሱ አዎንታዊ ሲሆን የምልክቶችን ክብደት ለመለካት ዓለም አቀፉ የፕሮስቴት ምልክቶች መመዘኛ ያገለግላል። መመዘኛው ሰባት ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ድምሩ ከ0 እስከ 35 ይደርሳል፤ እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ተብሎ ይመደባል። ስምንተኛው ጥያቄ ለብቻው የሚታይ ነው፦ ቀሪ ዕድሜዎን ሽንትዎ አሁን ባለበት ሁኔታ ቢያሳልፉ ምን ይሰማዎታል? ሕክምና ለመጀመር ወይም ለመጠበቅ በሚወሰንበት ጊዜ የዚህ ጥያቄ መልስ ከቁጥሩ ባልተናነሰ ይመዝናል።

መመዘኛው ማንበብን የሚጠይቅ መሆኑ ግን በኢትዮጵያ ገጠር እንቅፋት ነው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም አቀፉ መመዘኛ ጋር ተነጻጽሮ የታተመው በሥዕል የተደገፈ መመዘኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የቀንና የሌሊት ሽንት ብዛት፣ የፍሰቱ ጥንካሬና የኑሮ እርካታ በሥዕል ቀርበውበታል፤ ትምህርታቸው ውሱን ከሆነ ወንዶችም ብዙዎቹ ያለ ረዳት ሊሞሉት ችለዋል። ለኢትዮጵያ ሁኔታ ተስማምቶና ተፈትኖ ቢቀርብ አረጋዊው ቃል ሳያወጡ በጣታቸው የሚያመለክቱበት መንገድ ይከፈታል፤ የሐፍረቱም ጫና ይቀንሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው መለየት ነው፤ የሽንት ችግር ሁሉ ከፕሮስቴት አይመነጭምና። የስኳር በሽታ ሽንትን ያበዛል፤ የቆየ ጨብጥ ወይም በካቴተር የደረሰ ጉዳት ቱቦውን ያጠብባል፤ በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ የፊኛ ቢልሃርዚያ ይታሰባል። የሽንትና የደም ስኳር ምርመራ፣ የሆድ ዳሰሳ፣ በጣት የሚደረግ የፕሮስቴት ምርመራ እንዲሁም ባለበት ቦታ የኩላሊት ምርመራና አልትራሳውንድ አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳሉ። በጣት ሲዳሰስ ጠጣር ወይም ጎርበጥባጣ ሆኖ የተገኘ ዕጢ ካንሰርን ስለሚያሳስብ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። የፒ.ኤስ.ኤ የደም ምርመራ በኢንፌክሽን፣ በሽንት መዘጋትና በካቴተር ምክንያት ከፍ ሊል እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም፤ አለዚያ አረጋዊው ያለ ምክንያት በካንሰር ፍርሃት ይንገላታሉ።

የዕለት ልማዶችም መጠየቅ ይገባቸዋል። ለጉንፋን የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የአለርጂ መድኃኒቶችና አሚትሪፕቲሊን ሽንትን ሊዘጉ ይችላሉ። ጫትም እንዲሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1995 በየመን ተሠርቶ የታተመ ጥናት ጫት መቃም የሽንትን ፍሰት እንደሚቀንስና አልፋ አጋጅ መድኃኒት ይህን ውጤት እንደሚከላከል አሳይቷል። ከምሽት በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡናም የሌሊቱን መመላለስ ያበዛዋል። ቡናውን ወደ ጠዋት ማዛወር፣ የቀኑን ውኃ ሳይቀንሱ የምሽቱን ብቻ መመጠን ወጪ የማይጠይቅ ምክር ነው።

5. መድኃኒትና የማያቋርጥ አቅርቦት

ምልክቶቹ ሲከብዱ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። እንደ ታምሱሎሲንና ዶክሳዞሲን ያሉት አልፋ አጋጆች የፕሮስቴትንና የፊኛን አንገት ጡንቻ በማላላት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያሻሽላሉ። እንደ ፊናስቴራይድ ያሉት ደግሞ የሆርሞኑን ለውጥ በመግታት ዕጢውን ያሳንሳሉ፤ ውጤታቸው የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመና 3,040 ወንዶችን ለአራት ዓመታት የተከታተለ ጥናት ፊናስቴራይድ የሽንት መዘጋትን አደጋ በ57 በመቶ፣ የቀዶ ሕክምናን አስፈላጊነት በ55 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው፣ 3,047 ወንዶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ዶክሳዞሲንና ፊናስቴራይድ ተጣምረው ሲሰጡ የበሽታው መባባስ አደጋ በ66 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እነዚህ ውጤቶች የተገኙት መድኃኒቱ ለዓመታት ሳይቋረጥ በመወሰዱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከሰፋ ወዲህ የብዙ ቤተሰቦችን ሸክም አቅልሏል። ነገር ግን የመድን ደብተር የያዙ አረጋዊ መድኃኒቱን በተቋሙ ፋርማሲ ካላገኙት ከውጭ በራሳቸው ገንዘብ ለመግዛት ይገደዳሉ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ሕክምናው ይቋረጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የመድኃኒቱ በዝርዝር ውስጥ መኖር ብቻ ሳይሆን በየወሩ በቅርብ ጤና ጣቢያ መገኘቱ ነው።

ለአረጋውያን የተለየ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አልፋ አጋጆች ከተቀመጡበት ሲነሡ የደም ግፊትን ሊጥሉ ስለሚችሉ፣ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሌሊት ከመኝታ ቀስ ብለው እንዲነሡ ይመከራሉ። ታምሱሎሲን የሚወስዱ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው የዓይናቸው ብሌን ሊላላ ስለሚችል ለዓይን ሐኪማቸው አስቀድመው መንገር አለባቸው። ፊናስቴራይድ የፒ.ኤስ.ኤን መጠን በግማሽ ገደማ ስለሚያወርድ ውጤቱ ይህን አገናዝቦ መነበብ ይኖርበታል። በወሲብ ፍላጎትና አቅም ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖም አረጋዊ ናቸውና አይመለከታቸውም ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

6. ካቴተርን ይዞ የመኖር ጊዜ

ሽንት ሲዘጋ የመጀመሪያው እርዳታ ካቴተር ማስገባት ሲሆን፣ ይህ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ የሚችል ነው። ካቴተሩ አልገባም ካለ በኃይል መግፋት ቱቦውን ስለሚቀድድ ታካሚውን በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል፤ እዚያም ከእምብርት በታች በኩል ፊኛውን ማስተንፈስ ይቻላል።

ካቴተር የገባላቸው ሁሉ ቀዶ ሕክምና እስኪያገኙ ይዘውት መቆየት የለባቸውም። አልፋ አጋጅ ተሰጥቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ካቴተሩን በማውጣት መሞከር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አልፉዞሲን ከወሰዱት 61.9 በመቶ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 47.9 በመቶ የሚሆኑት ካቴተሩ ሲወጣ ራሳቸው ሊሸኑ እንደቻሉ ዘግቧል። ይህ ሙከራ ካልተደረገ ካቴተር ሳያስፈልጋቸው ለወራት የሚሸከሙ ሰዎች ይኖራሉ።

ሙከራው ላልተሳካላቸው የጥበቃው ጊዜ የራሱ ክብካቤ አለው። ካቴተር በገባ ሰው ላይ ባክቴሪያ የመገኘት ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፤ በአንድ ወር ውስጥም ባክቴሪያ የማይገኝበት ሰው ጥቂት ነው። ትኩሳት ወይም ሌላ የሕመም ምልክት ሳይኖር ፀረ ባክቴሪያ መስጠት ግን መድኃኒት የተለማመዱ ጀርሞችን ከማብዛት በቀር አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከረጢቱ ከፊኛ በታች እንዲንጠለጠል፣ መሬት እንዳይነካ፣ መጋጠሚያው ያለ ምክንያት እንዳይከፈት ማድረግና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ተራው የላቴክስ ካቴተር በአራት ሳምንት ገደማ መለወጥ ያስፈልገዋል። ለዚህ ለውጥ ብቻ ከገጠር ወደ ከተማ ሆስፒታል መመላለስ ለአረጋዊውም ለአስታማሚውም የሥራ ቀንና የትራንስፖርት ወጪ ነው፤ ጤና ጣቢያው ካቴተሩን በእጁ ቢያኖርና ነርሶቹ ቢሠለጥኑ ግን በቅርብ ሊፈጸም ይችላል።

7. ቀዶ ሕክምናና ማግሥቱ

ተደጋጋሚ የሽንት መዘጋት፣ የኩላሊት መጎዳት፣ የፊኛ ጠጠር፣ የሚመላለስ ኢንፌክሽን ወይም ደም ሲኖር ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። በሽንት ቱቦ በኩል በመሣሪያ እየተላጠ የሚወጣበት ዘዴ የሆስፒታል ቆይታን ቢያሳጥርም ልዩ መሣሪያና ሥልጠና ይፈልጋል። ሆድን ከፍቶ የሚሠራው ዘዴ በኢትዮጵያ ሰፊ ድርሻ አለው፤ ለትልልቅ ዕጢዎችም ውጤታማ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ደም ሊፈስ ስለሚችል ደም ማዘጋጀትን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላም የረጋ ደም ካቴተሩን እንዳይዘጋ ነቅቶ የሚጠብቅ ነርስን ይጠይቃል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊነገሩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ከብዙዎቹ ታካሚዎች ዘንድ በኋላ የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል፤ ጎጂ ባይሆንም ሳይነገራቸው የደረሰባቸው ሰዎች እንደ ስንፈት ይቆጥሩታል። ሁለተኛው፣ የሚወጣው ያደገው ውስጠኛ ክፍል እንጂ ዕጢው በሙሉ አይደለም። ስለዚህ የወጣው አካል በላቦራቶሪ መመርመር አለበት፤ ካንሰር ወደፊትም ሊከሰት ስለሚችል «ፕሮስቴቴ ወጥቷል» ብሎ ክትትል ማቆም አይገባም።

8. ማጠቃለያና የማሻሻያ ሐሳቦች

የፕሮስቴት ዕጢ ያደገባቸው አረጋውያን የሚያስፈልጋቸው በአንድ ቀን የሚሰጥ አገልግሎት ሳይሆን በየደረጃው የተያያዘ ክብካቤ ነው። ጤና ኬላው የሽንት መቅጠን የእርጅና ዕጣ ብቻ አለመሆኑን በዕድር፣ በሰንበቴና በመስጊድ መሰባሰቢያዎች ሊያስተምር ይችላል፤ ለዚህም ታክመው የዳኑ አረጋውያን ከማንም የተሻሉ መስካሪዎች ናቸው። ጤና ጣቢያው መጠየቅን፣ በሥዕል መመዘንን፣ መድኃኒት ማስቀጠልንና ካቴተር መለወጥን ሊይዝ ይገባል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ የኩላሊትና የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲሁም ካቴተር የማውጣት ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ሲሆን አጠቃላይና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ጊዜያቸውን ቀዶ ሕክምና በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው ያውላሉ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይደነግጋል። ከላይ ከቀረቡት እርምጃዎች አብዛኞቹ ከአገሪቱ አቅም በላይ አይደሉም፤ የሚጠይቁት በዋናነት የባለሙያ ትኩረት፣ ያልተቋረጠ የመድኃኒት አቅርቦትና በቅርብ የሚገኝ ካቴተር ነው። የለውጡ መለኪያም ቀላል ሊሆን ይችላል፦ በየሆስፒታሉ በፕሮስቴት ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚመጡት አረጋውያን መካከል ስንቶቹ ሽንታቸው ሳይዘጋ መጡ? ይህ ቁጥር በየዓመቱ ከተመዘገበና ከፍ ካለ፣ ጥያቄው በወቅቱ መጠየቅ መጀመሩን ያሳያል።